በመዳፍ የሚቀመስ በርበሬ

በዚያን ቀን በልጄ ሱቅ በር የነበርነው እነዚህ ነን፤ እኔ፣ ልጄ፣ ለፋሲካ በርበሬ ልትገዛ ከቡታጅራ በኩል የመጣች አንዲት ሴት፣ ከጎናችን ቅመም የሚሸጡት ሐጂና ጆንያ ሊሸከም የተጠራው ወዛደር። አላፊ አግዳሚው መቼም አይጠፋም፣ መርካቶ ነው፤ የሆነውን ያየነውና የሰማነው ግን አምስታችን ነን። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ወሬው በኋላ ሌላ መልክ ይዞ ስለመጣብኝ ነው። አንዷ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ነበር ትላለች፣ ሌላዋ ልጅቷ ራሷን ስታ ወድቃ ነበር ትላለች። ማንም አልወደቀም። የጮህኩት እኔ ነኝ።

ያን ሰሞን ሱቅ መዋል ልማዴ አልነበረም። ልጄ በርበሬ በረንዳ ትሸጣለች፤ እኔ ራጉኤል አጠገብ ካለው ቤታችን ሆኜ ዛላውን እቀነጥሳለሁ፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን አዘጋጃለሁ፣ ከቅመሙና ከጨው ጋር ደባልቄ አሰጣለሁ፣ ወፍጮ ቤት ወስጄ አስፈጫለሁ። ዝግጅቱ በእኔ እጅ ነው፣ ገበያው በእሷ። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ማንበብ ግን እችላለሁ። የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ያለውን ወረቀት ሁሉ አነባለሁ፣ ያልገባኝን ደግሜ አነባለሁ። ልጄ "እማዬ፣ ስታነቢው ስታነቢው ፊደሉ ሊለቅ ነው" ትለኛለች።

ልጄ ስኳር አለባት። ከታወቀ ቆይቷል። አባቷም በዚሁ ነው የሞተው። መጨረሻው ላይ እግሩ ያብጥ ነበር፤ በጣቴ ስጫነው ጎድጉዶ ይቀር ነበር። እኛ ቆሞ ከመዋል የመጣ ድካም መስሎን ለብ ባለ ውሃ እናጥበው ነበር። ኩላሊቱ እንደሆነ ከተነገረን በኋላ ብዙ አልቆየም። ስለዚህ ልጄን ስኳር አለብሽ ሲሏት እኔ ፊቷን አላየሁም። እግሯን ነው ያየሁት። ያን ጊዜ ደህና ነበር። አሁንም ደህና ነው። ጠዋት ጫማዋን ስታደርግ አያለሁ።

ከዚያ ቀን ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ለክትትል አብሬያት ሄጄ ነበር። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ቶሎ ቶሎ ትናገራለች፣ ሲጠይቋት ግን አትቆጣም። የልጄ ደም ግፊት ከፍ ብሏል አለች። ሽንቷ ውስጥም ፕሮቲን ተገኝቷል አለች።

"ፕሮቲን ጥሩ ነገር አይደለም እንዴ?" አልኩ።

"ደም ውስጥ ሲሆን ጥሩ ነው እናቴ። በሽንት መውጣት የለበትም። ኩላሊት እንደ ወንፊት ነው፤ የማይፈለገውን ያሳልፋል፣ የሚፈለገውን ያስቀራል። ስኳርና ግፊት አብረው ሲበረቱበት ወንፊቱ ይጎዳል።"

ወንፊት አውቃለሁ። ጉልበቴ ሥር ወንፊት ሳይኖር የዋልኩበት ቀን ትንሽ ነው። አንዱ ቀዳዳ ከሰፋ ዱቄቱ እንደማያምር፣ ሲነካኩት ደግሞ ይብስ እንደሚሰፋ አውቃለሁ።

"የሰፋ ወንፊት ተመልሶ ይጠባል?" አልኳት።

ወረቀቱን ደግማ አየች። "ገና ጅምር ነው። ግፊቱንና ስኳሩን ከያዝነው ባለበት ሊቆም ይችላል፣ ሊሻልም ይችላል። ከተውነው ግን ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። አያማትም።"

እረፍት የነሳኝ ይህ ነው። ጥርስ ቢሆን ያማል፣ ሆድ ቢሆን ይቆርጣል፣ ሰው ይጮኻል፣ ይሮጣል። ዝም ብሎ የሚሄድ ነገር በምን ይያዛል?

ኪኒኑን ሳታቋርጥ እየዋጠች ስኳሩ ለምን አልወርድ እንዳለም ጠየቅኩ። ሐኪሟ እንዲህ አለች፦ "ኢንሱሊን አላጣችም። ሰውነቷ ያመርታል፤ ግን አይሰማውም። ኢንሱሊኑ ስኳሩን ከደም ውሰዱ ብሎ ይጣራል፣ ሰውነቷ ችላ ይላል። ስለዚህ ቆሽቷ አብዝቶ አብዝቶ ያመርታል፣ እያደር ይደክማል። እንዲሰማ የሚረዳው መንቀሳቀስ ነው፣ ወገቧ ላይ ያለውን መቀነስ ነው፣ መድኃኒቱም አለ።"

"ገባኝ" አለች ልጄ፣ "እማዬ ቀኑን ሙሉ እንደምትጠራኝና እኔ እንደማልሰማት ማለት ነው።"

ሐኪሟ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ጨው እንድትቀንስ፣ ለራስ ምታት ከየሱቁ የሚገዛውን ማስታገሻ ሳትጠይቅ እንዳትውጥ፣ በእግሯ እንድትሄድ፣ አዲስ የተጨመረላትን የግፊት ኪኒን በየቀኑ እንድትወስድ ተነገራት። "ጨው የበዛበት ነገር ትበያለሽ?" ብላም ጠየቀቻት። ልጄ አትበላም አለች። እኔም አትበላም አልኩ። ሁለታችንም አልዋሸንም።

ከዚያ ቤቱን ሌላ ቤት አደረግኩት። የጨው ዕቃውን ከማድቤቱ አወጣሁት። ለእሷ ጨው የሌለበት በርበሬ ለብቻው አዘጋጀሁ። ሽሮው ለእኔም አልጣመኝም፣ ግን አንድ ላይ ነው የምንበላው ብዬ ቻልኩት። ማታ ማታ ሱቁ ሲዘጋ እጠብቃትና ወደ ቤት አቋራጩን ትተን በዙሪያ መንገድ በእግር እንመለሳለን፤ ጋሪውና ሰዉ እየገፈተረን፣ እሷ ፊት ፊት፣ እኔ "ቀስ በይ" እያልኩ።

ግፊቱ ግን አልወርድ አለ። የቤት መለኪያ ገዝታ ነበር። ጠዋት ክንዷን አስሬ ቁልፉን እጫናለሁ፣ ማሽኑ ያጉረመርማል፣ ቁጥሩ ይወጣል፣ ከፍ ያለ ነው። መለኪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ራሴን ለካሁ፤ የእኔ ደህና ነው። ዳቦው ይሆን? ዳቦውን አስተውኳት። ኪኒኑን እየጣለችው ይሆን ብዬ ስትውጥ ፊቷ ቆሜ አያለሁ።

"አፌንም ልክፈትልሽ?"

"ክፈቺ።"

ከፈተች። ምላሷን አውጥታም አሳየችኝ። ምላሷ ቀይ ነበር። በርበሬ የምትሸጥ ሴት ምላስ ቀይ ቢሆን ምን ይገርማል ብዬ አለፍኩት።

በዚያን ዕለት ጠዋት ቁጥሩ ከሌላውም ቀን ይበልጥ ነበር። እሷ "አልተኛሁም፣ ለዚያ ነው" ብላ ሄደች። እኔ ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። ሽንኩርት ጀመርኩ፣ ተውኩት። አጥር በር ድረስ ወጣሁ፣ ተመለስኩ። በመጨረሻ ምሳዋን በምሳ ዕቃ ቋጥሬ፣ መለኪያውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ቀን ደግሜ ብለካት ይሻለኛል ብዬ ነው።

ጊዜው ሁዳዴና ረመዳን የተገናኙበት ነበር። ስደርስ ያች የቡታጅራዋ ሴት ጆንያዎቹ መሃል ቆማ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትከራከራለች።

"ቅመሺዋ! እዚሁ፣ እኔ ፊት። ባለፈው ዓመት ሌላ ቦታ ገዝቼ የሸክላ ዱቄት አብልተውኛል። እንግዳዬ ሁሉ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ነው የዋለው።"

"ከእኔ ሸክላ አይወጣም፣ እትዬ" አለች ልጄ፤ ከጆንያው ቆንጠር አድርጋ መዳፏ ላይ አኖረችና ላሰችው።

"ከዚያኛውስ?"

ከዚያኛውም ላሰች።

"ሚጥሚጣውስ?"

ሚጥሚጣውንም ላሰች። ከጆግ ውሃ ቀዳች፣ ጠጣች፣ መዳፏን በሽርጧ ጠረገች። ልማዱ ይህ ነው፤ ገዢ ከተጠራጠረ ሻጭ ራሱ ቀምሶ ያሳያል። ሸክላ ተፈጭቶ ይደባለቃል የሚባል ወሬ ከመጣ ወዲህማ ያልተጠራጠረ ገዢ የለም። እኔም በወጣትነቴ እዚያው ቁሜ ስሸጥ ስልስ ነው የዋልኩት። መቅመስ መብላት አይመስለንም። ሐኪሟ ምን ትበያለሽ ብላ ስትጠይቅ ለሁለታችንም ትዝ ያላለን ለዚህ ነው። እዚያ የምትልሰው እኔ በገዛ እጄ፣ ጨው እየሰፈርኩ ያዘጋጀሁትን ነው። ከቤት ያወጣሁትን ጨው በጆንያ እልክላት ነበር።

ሴትየዋ "እስቲ የመጀመሪያውን ድገሚልኝ" አለች፣ ልጄም እጇን ሰደደች። አንጓዋን ያዝኳት።

"አትቅመሺ!"

ድምፄ ከፍ ብሎ ነው የወጣው። ሐጂ ከሚዛናቸው ቀና አሉ። የሴትየዋ ዓይን ጠበበ።

"ምነው? ምን አለበት?"

"በርበሬው ምንም የለበትም" አልኩ። "እሷ ናት። ስኳር አለባት፣ ግፊት አለባት፣ ኩላሊቷ ተነክቷል። ጨው ተከልክላለች።"

ልጄ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። ይህን በረንዳው ላይ ማንም አያውቅም ነበር። ለሐጂም እንኳ አልነገረቻቸውም።

"ይሁና" አለች ሴትየዋ፣ ብዙም ያመነች አትመስልም፤ "እንግዲያው ሌላ ሰው ይቅመስልኝ። እሳቸው ይቅመሱ።"

"እኔ ጾመኛ ነኝ" አሉ ሐጂ። "ከመግሪብ በፊት ምላሴን አላከራይም።"

"እኔ አለሁላችሁ!" አለ ወዛደሩ። "ምሳም አልበላሁ።"

"አንተማ ጡቡን እንዳለ ብትጎርስ ይጥምሃል" አለችው ሴትየዋ።

"እሱስ እውነት ነው" አለና ጆንያው ላይ ተቀመጠ።

ወደ ጆንያው ሄጄ ራሴ ቆነጠርኩና ላስኩ። ከለመድኩት ዘመን ቆይቷል፤ ጉሮሮዬን ያዘኝ፣ ሳልኩ፣ እንባዬ ወረደ። ልጄ ሳትዞር የውሃውን ብርጭቆ ወደ እኔ ገፋችው።

ሴትየዋ ስስል አየችኝ። ከዚያ ድምፅዋ ሌላ ሆነ።

"በስኳር ነው የጀመራት?"

"በስኳር ነው።"

"እኔም አለብኝ" አለች ቀስ ብላ። "ኪኒን እወስዳለሁ፣ ሲያልቅ አቋርጣለሁ። ግፊትም ብለውኝ ነበር። እግሬ ደግሞ ይኸው፣ መኪና ላይ ስቀመጥ እንዲህ ይሆናል።"

ቀሚሷን ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ አደረገች። የጫማዋ ማሰሪያ ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል። ሳላስፈቅድ ጎንበስ ብዬ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፣ ጣቴንም አነሳሁ። ጎድጉዶ ቀረ።

ቀና አልኩ። ልጄ ዞራ እያየች ነበር። የአባቷን እግር እሷም ታስታውሳለች።

በርጩማ ላይ አስቀመጥኳት፣ መለኪያዬን አወጣሁ፣ ክንዷን አሰርኩ። ቁጥሩ ከልጄም ይበልጣል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ይህንኑ ነገርኳት። "ብቻ ዛሬ ሳትሳፈሪ ጤና ጣቢያ ግቢ፤ ሽንትሽን ይዩልሽ፣ የኩላሊት የደም ምርመራም አለ" አልኳት።

"መኪና ያመልጠኛል፣ አውቶቡስ ተራ ሰው ይጠብቀኛል። ከፋሲካ በኋላ አገሬ እታያለሁ።"

"እትዬ፣ አያቆዩት" አለች ልጄ። ከጮህኩ ወዲህ የተናገረችው የመጀመሪያው ነገር ነበር። "ሳያምዎት ነው የሚሄደው።"

"አንቺ ልጅ፣ መዳፍሽን እየላስሽ እኔን ትመክሪያለሽ?"

ልጄ ሳቀች። ሳታስበው ነው የሳቀችው፣ አፏን በእጇ ያዘች፣ በርበሬው ዓይኗን ነካት መሰለኝ ዓይኗን ጨፈነች።

"እንግዲያው እንዲህ እናድርግ" አለች ሴትየዋ፣ ጫማዋን እያስተካከለች። "አንቺ መላስሽን ተዪ፣ እኔም እመረመራለሁ። በሚመጣው ዓመት ለፋሲካ ስመጣ የአንቺን ትነግሪኛለሽ፣ የእኔን እነግርሻለሁ። ያላደረገ ያፍራል።"

"እሺ።"

"ሐጂ ምስክር ናቸው።"

"ምስክርነት ጾም አይፈታም" አሉ ሐጂ፣ "መስክሬያለሁ።"

በርበሬውን ገዛች፣ የስልክ ቁጥርም አስጻፈችን። ወዛደሩ ጆንያውን ትከሻው ላይ ጥሎ ፊት ፊት ሄደ፣ እሷ ከኋላው፣ እግሯን ትንሽ እየጎተተች። እስክትጠፋ አየኋት።

ማታ ከልጄ ጋር ተመለስን። ቤት ስንደርስ "ገበያዬን ገደልሽው" አለች። "የማትቀምስ ሻጭ ማን ያምናታል?" ያልኩትን አላስታውስም። የማስታውሰው በነጋታው አብሬያት መሄዴን ነው።

ልክ እንዳለችው ገበያው ቀዘቀዘ። "ራሷ የማትቀምሰውን በርበሬ ልትሸጥልን" አሉ። ስለዚህ በርጩማው ላይ ተቀምጬ እኔ ቀማሽ ሆንኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ቢያንስ እያየኋት እውላለሁ። አንድ ቀን ግን ልጄ መለኪያውን ከቦርሳዬ አውጥታ "ነይ፣ ክንድሽን" አለችኝ። የእኔም ቁጥር ወደ ላይ ጀምሮ ነበር።

"አፍሽን ክፈቺ" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለታችንም አንቀምስም። ገዢው ራሱ ይቀምሳል። ለሚጠራጠር ደግሞ ብርጭቆ ውሃ አለ፤ በርበሬው ይጨመርበትና ይቀመጣል፣ ሸክላ ካለበት ሥሩ አሸዋ መስሎ ይዘቅጣል። ሐጂ በመጀመሪያ "በርበሬ ልታጠምቂ ነው?" እያሉ ሲያሾፉብን ነበር፤ አሁን እሳቸውም ብርጭቆ አስቀምጠዋል። ጥለውን የሄዱ ደንበኞች አሉ። አንዳንዶቹ ተመልሰዋል።

ስለ ቅምሻው ለሐኪሟ ስንነግራት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ "ቀኑን ሙሉ?" አለች። መድኃኒቱንም በዚያው ቀን ከፍ አደረገችላት። ስለዚህ ግፊቱን ያወረደው የቱ እንደሆነ አላውቅም፤ ጨውም ይሆናል፣ ኪኒኑም ይሆናል፣ መንገዱም ይሆናል። ወርዷል። የስኳሩም ቁጥር እየተሻለ ነው። ሽንቷ እንደገና ሲታይ ሐኪሟ "ፕሮቲኑ ቀንሷል" አለች።

"ጠፋ?" አልኩ።

"ቀንሷል እናቴ። አልጠፋም። በየጊዜው እናየዋለን።"

ልጄ እስከ በሩ ድረስ እጄን ይዛኝ ወጣች። "ለቡታጅራዋ እትዬ የምነግራት አገኘሁ" አለች። ያን ቀን ሁሉ ደስ ብሏት ዋለች። እኔ ቀንሷል የሚለውን ስሰማ አልጠፋም የሚለውንም እሰማለሁ፣ ተፈጥሮዬ ነው። ሌሊት ስትነሳ ጆሮዬ ይከተላታል።

ዘንድሮም ሁለቱ ጾሞች ተገናኙ። ረመዳን አልፎ ሐጂ ኢዳቸውን አከበሩ፣ ሁዳዴ ተጋመሰ፣ ሆሳዕና ደረሰ። በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ የሚመጣውን ሰው ሁሉ መጀመሪያ እግሩን ነው የማየው። የብዙ ሴቶችን ጫማ አየሁ። የእሷ አልመጣም። ልጄ ከሚጥሚጣው ጨው ያልነካውን ለብቻው አስፈጭታ ለእሷ ብላ አስቀምጣላታለች፤ ሌላ ሰው ሲጠይቃት "ተይዟል" ትላለች። አምና የሰጠችን ስልክ የልጇ ነበር፣ ስንደውል አይነሳም፣ ኋላም ጭራሽ አይጠራም ሆነ። ወዛደሩ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄዶ የዚያን መስመር ረዳቶች ጠየቀልን። ብዙ ሴት ነው የምንጭነው አሉት።

ሐጂ "ሌላ ቦታ ርካሽ አግኝታ ይሆናል" ይላሉ። ይሁንላት። እኔ እንደዚያ ቢሆን ደስታዬ ነው፤ ሸክላም ብትገዛ ግድ የለኝም። ልጄ ግን ፋሲካ በቀረበ ቁጥር ሱቁን ዘግይታ ትዘጋለች፣ ምን ትጠብቂያለሽ ስላት "ምንም" ትላለች። ኪኒኗን የምትውጠው፣ መንገዱን የምትሄደው፣ እጇን ከጆንያው የምትሰበስበው ለእኔ ብላ ብቻ አልነበረም። የምትነግራት ሰው አለች ብላ ነው። ሴትየዋ ከቀረች ምን እንደምታስብ ልጠይቃት እፈራለሁ።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ በቡታጅራ በኩል የምትኖሩ ወይም እዚያ ዘመድ ያላችሁ፤ ዕድሜዋ ወደ ስድሳ የሚጠጋ፣ ጠይም፣ ቁመቷ ረዘም ያለ፣ ስትናገር እጇን ወገቧ ላይ የምታደርግ፣ አምና ለፋሲካ ከበርበሬ በረንዳ በርበሬ የገዛች፣ እግሯ የሚያብጥ ሴት የምታውቁ እንደሆነ፣ ተመርምራ እንደሆነና ደህና መሆኗን እባካችሁ ንገሩን። ሱቁ ከቅመም ሻጩ ሐጂ ጎን ነው፣ ብርጭቆ ውሃ በሩ ላይ አለ።